በጭስ ማውጫ ውስጥ የቀረው መልእክት

ከለንደን በስተደቡብ፣ ሰሪ በሚባለው አውራጃ፣ ብሌቺንግሊ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። መንገደኛ ሳያስተውላት የሚያልፋት ዓይነት ናት። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የመንደሩ ነዋሪ የድሮ ቤቱን የእሳት ምድጃ ሊያድስ ጭስ ማውጫውን ሲያጸዳ፣ ከጥላሸቱ ጋር የወፍ አጥንት መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ነገሬም አላለው። ኋላ ግን አንዱን የእግር አጥንት ሲያየው ቀይ ብልቃጥ ታስሮበታል። ብልቃጡ ሲከፈት እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳ፣ የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ።

አጥንቱ የጦር ርግብ አጥንት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ወደ 250,000 የሚጠጉ ርግቦችን አሰልፋለች። ርግብ የትም ወስደው ቢለቋት ዞራ የምትገባው ወደ ቤቷ ነው። ስለዚህ ወታደሩ ርግቧን በቅርጫት ይዞ ይዘምታል፤ ሬዲዮው ሲበላሽ ወይም ሬዲዮ መክፈት ራስን ለጠላት ማሳየት ሲሆንበት፣ ወረቀቱን እግሯ ላይ አስሮ ይለቃታል። በሰኔ 6 ቀን 1944 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ሲያርፉ የመጀመሪያውን ወሬ ባሕር አቋርጦ ለእንግሊዝ ያደረሰው ጉስታቭ የሚባል ርግብ ነው። ሜዳሊያም ተሸልሟል።

የብሌቺንግሊዋ ርግብ ግን አልደረሰችም። ምናልባት ደክሟት ጭስ ማውጫው ላይ ልታርፍ ስትል ወድቃ ይሆናል። ይዛው የነበረው ወረቀት ላይ 27 ቡድን ፊደላት ተጽፈዋል፤ እያንዳንዱ ቡድን አምስት አምስት ፊደል ነው፤ በጠቅላላው 135። የሚነበብ ቃል አንድም የለም። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቡድን አንድ ዓይነት ናቸው። ከሥር «ሳጅን ደብልዩ ስቶት» የሚል ፊርማ አለ። የሁለት ርግቦች ቁጥርም ተጽፎበታል፤ አንዷ ብትቀር ሌላዋ እንድትደርስ መልእክቱ በሁለት ቅጂ ተልኳል ማለት ነው። ቀን ግን አልተጻፈበትም።

ወረቀቱ 30 ዓመት ያህል ብዙ ሰው ትኩረት ሳይሰጠው ቆየ። በ2012 ጉዳዩ ወሬ ሲሆን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቼልትንሃም የሆነው የእንግሊዝ መንግሥት ምስጢር ፈቺ መሥሪያ ቤት ወረቀቱን መረመረው። በዓለም ላይ የታወቁ ባለሙያዎች፣ ኮምፒውተር እንደ ልብ ያላቸው ሰዎች ናቸው እኮ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ መልእክቱ የተጻፈበት የኮድ መጽሐፍ ካልተገኘ ሊፈታ አይችልም።

ታዲያ ለምን? ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አገር ቤት ያደግን ሰዎች «የወፍ ቋንቋ» እናውቃለን። የሰፈር ልጆች ትልልቆቹ እንዳይሰሟቸው በየቃሉ መካከል የተስማሙበትን ፊደል እየሰነቀሩ የሚያወሩት ማለት ነው። እሱ ቀላል ነው፤ ትንሽ ያዳመጠ ሰው ይደርስበታል፤ ምክንያቱም ደንቡ አይለወጥም። በየፊደሉ ደንቡ ቢለወጥስ?

የፊደል ገበታችሁን አውጡ፤ ከሀ እስከ ፐ 33 ረድፍ አለው። ሀ 1፣ ለ 2፣ ሐ 3፣ መ 4 እያላችሁ ቁጥር ስጡት። አሁን «ሰላም» ብለን እንጻፍ። ሰ 7ኛው፣ ለ 2ኛው፣ መ 4ኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ቁልፋችን 5፣ 1፣ 9 ይሁን። ከሰ አምስት ረድፍ ወደ ታች ስንወርድ ቸ ላይ እንደርሳለን። ከላ አንድ ስንወርድ ሓ፤ ከም ዘጠኝ ስንወርድ ኅ። ስለዚህ «ሰላም» «ቸሓኅ» ሆነ።

ቁልፉን የያዘ ሰው ወደ ላይ ቆጥሮ «ሰላም» ብሎ ያነበዋል። ቁልፉ 3፣ 1፣ 11 ነው ብሎ የገመተ ሰው ግን ቸሓኅን «ቀላል» ብሎ ያነበዋል። እሱም ደህና አማርኛ ነው! ወረቀቱ ብቻውን የትኛው እውነት እንደሆነ አይነግረንም። ጦር ሠራዊቱም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የቁልፍ ደብተር ነበረው። አንዱን ላኪው፣ አንዱን ተቀባዩ ይይዛል፤ የተጠቀሙበት ገጽ ተቀዶ ይጠፋል። የርግቧ መልእክት እንዲህ ባለ ቁልፍ ተቆልፎ ከሆነ ምንም ኮምፒውተር አይከፍተውም፤ የሚፈልገውን ሁሉ ያነብበታልና።

በዚያው በ2012 መጨረሻ አንድ ካናዳዊ ከዘመዱ ባገኘው የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጽሐፍ መልእክቱን ፈታሁት አለ። እያንዳንዱን ፊደል የአንድ ቃል መጀመሪያ አድርጎ ነው ያነበበው። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ዞረ። ባለሙያዎቹ ግን አልተቀበሉትም፤ እንዲያ ከተባለማ ሁሉም ሰው የፈለገውን ማንበብ ይችላል።

ታሪኩን በዓይን ለማየት የሚፈልግ ቤተሰብ መሄድ ያለበት ወደ ብሌችሊ ፓርክ ነው። ስሙ ከመንደሯ ጋር ስለሚመሳሰል እንዳትሳሳቱ፤ ይኼኛው ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ ነው። ከኢዩስተን ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከባቡር ጣቢያው እስከ በሩ ደግሞ የደቂቃዎች የእግር መንገድ ነው። ሐይቅ፣ ትልቅ የድሮ መኖሪያ ቤት፣ በዙሪያው ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ታያላችሁ። በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ይሠራ ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። የሠሩትንም ለባላቸው፣ ለልጆቻቸው ሳይናገሩ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ አፋቸውን ዘግተው ኖረዋል። ስምንት ቁጥር በሚባለው ቤት የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ ይሠራ ነበር። ኩባያውን ሰው እንዳይወስድበት በሰንሰለት ያስረው እንደነበር ለልጆች ንገሯቸው፤ ይወዱታል።

እነዚህ ሰዎች ኤኒግማ የተባለውን የጀርመን የምስጢር ማሽን አሸንፈዋል። መንገዱን የጀመሩት የፖላንድ ሒሳብ አዋቂዎች ናቸው፤ በ1939 ዕውቀታቸውን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አካፈሉ። ኤኒግማ የተሸነፈው ልማድ ስለነበረው ነው። ማሽኑ አንድን ፊደል በራሱ በዚያው ፊደል አይተካም፤ ወታደሮቹም የአየር ጠባይ ሲዘግቡ በየቀኑ ያንኑ ቃል ይደግማሉ። በሺህ የሚቆጠር መልእክት ሲሰበሰብ ልማዱ ይጋለጣል። የርግቧ ወረቀት ግን አንዲት ብቻ ናት።

ይህ ሥራ ከእኛም ታሪክ ጋር ይነካካል። ከ1940 መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ መልእክት ፈቺዎች፣ በብሌችሊም በመካከለኛው ምሥራቅም ያሉት፣ የጣልያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ በሬዲዮ የሚለዋወጠውን ብዙ ምስጢር ያነቡ ነበር። አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋጉት አርበኞቻችንና በከተማ ሆነው ወሬ የሚያቀብሉ የውስጥ አርበኞች የራሳቸውን መንገድ ሠርተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከጦር ሜዳው በስተጀርባ እንዲህ ያለ ዝምተኛ ሥራም ነበረበት።

ሳጅን ስቶት ሊል የፈለገው ነገር አንድን ሰው ያድን ነበር ይሆናል። ወረቀቱ በእጃችን አለ፤ ጽሑፉም አልጠፋም። የጠፋው ቁልፉ ነው። በብዙዎቻችን ቤትም ሻንጣ ውስጥ የአያት ደብዳቤ፣ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት፣ ከጀርባው ሁለት ቃል የተጻፈበት ፎቶግራፍ አለ። ፊደል ላልቆጠረ ልጅ ያ ደብዳቤ ከርግቧ ወረቀት አይለይም። ፊደል ቢያውቅም «ባለ ቡናው እንዴት ነው?» የሚለው ማንን እንደሆነ የሚያውቁት እማማ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ዛሬ ስልክ ያነሳሉ። ደብዳቤውን ይዛችሁ ደውሉና መስመር በመስመር ጠይቋቸው፤ ልጆቹ መልሱን ከደብዳቤው ጀርባ ይጻፉት።

ለልጆች አንድ መልእክት እንተው፦ «ሽጽት»። ቁልፉ 2፣ 4፣ 1 ነው። የፊደል ገበታውን ያዙና ወደ ላይ ቁጠሩ።