ቡፌው ላይ ያለችው ቶሺባ

ዛሬ ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ዝም፣ ፍሪጁ ዝም፤ ጎረቤት ጄኔሬተሩን ለማስነሳት ገመዱን መሳብ ጀመረ። ሳሎናችን ውስጥ ግን የአባዬ ድምፅ አልተቋረጠም። እማዬ ስልኳን ጆሮዋ ሥር ይዛ ሶፋው ጥግ ተቀምጣለች፤ አባዬ በ1982 ዓ.ም. ሆኖ ለአክስቴ የበግ ዋጋ ይነግራታል።

አዎ፣ ድምፁ የሚመጣው ከቤታችን ሰርቨር ነው፤ ያቺው አሮጌ ቶሺባ ላፕቶፕ ናት። ክረምቱን ሙሉ ፎቶዋን የለጠፍኩላችሁ፣ ማጠፊያዋ በሽቦ የታሰረው። ክዳኗን ዘግታ ቡፌው ላይ ከሲኒዎቹ ጎን ተኝታለች። መብራት ሲሄድ በራሷ ባትሪ ቀጠለች፤ ዋይፋዩም ባለፈው ባሳየኋችሁ ትንሽ ባትሪ ላይ ስለተሰካ አልጠፋም። ቤቱ ሰርቨር ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ዩፒኤስ ግዛ ይባላል፤ ላፕቶፕ ግን ዩፒኤሱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የተወለደው። የእሷ ባትሪ አርጅቶም 50 ደቂቃ ይይዛል። (ባትሪው ያበጠባችሁ ግን ዛሬውኑ አውጡት። ሌት ተቀን የተሰካ ያበጠ ባትሪ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።)

በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፦ ራሟ 4 ጊጋ ብቻ ነው፣ ይበቃታል። የጫንኩባት ደቢያን ሊኑክስ ነው፣ ያለ ዴስክቶፕ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ እሱንም ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ገብቼ ነው የማየው። ሃርድ ዲስኳን በ240 ጊጋ ኤስኤስዲ ቀየርኩት፤ ከፋኗ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር። ክዳኗ ሲዘጋ እንዳትተኛ ለማድረግ ሁለት ማታ ታግያለሁ። ለካ ‹ሎግአይንድ› የሚባለው ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት፦ ‹ሃንድል ሊድ ስዊች› ከሚለው ቀጥሎ ‹ኢግኖር› ብሎ መጻፍ። ራውተሩ ላይ ደግሞ አድራሻዋን 192.168.1.50 ብዬ አሰርኩት፤ አለዚያ ራውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር አድራሻዋ ሊቀየር ይችላል፣ እማዬም «ጠፋብኝ» ትለኛለች። ፋይሉ በሳምባ፣ ድምፁ በጄሊፊን፤ ለእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ደግሞ ዊኪፒዲያ በኪዊክስ፣ ያለ ምንም ኢንተርኔት። የምትወስደው 20 ዋት ገደማ ነው፣ በወር ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት።

መጀመሪያ ሰሞን እማዬ «ሰርቨር ምንድን ነው?» ብላኝ ነበር።
«አገልጋይ» አልኳት።
«ማንን ነው የምታገለግለው?»
«አንቺን።»
ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡፌውን ስትወለውል ከሁሉ ቀድማ የምታብሰው እሷን ነው።

ሊኑክስን የተዋወቅኩት ካኖኒካል ኡቡንቱን በሲዲ፣ በፖስታ፣ በነጻ ለዓለም ሁሉ ይልክ በነበረበት ዘመን ነው። በ2000 ዓ.ም. ሲዲው ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ተገኘ። አባዬ «ስንት ከፈልክ?» አለኝ። ምንም። ፖስታውን አገላብጦ አየው፣ አላመነኝም፤ ማታ ግን አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ሲጫን እስከ መጨረሻው አየ። በሁለተኛው ዓመት አረፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። አባዬ ካረፈ በኋላ ቤት የነበሩትን 11 ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። ካሴት ደግሞ አይቸኮልም፤ የ60 ደቂቃውን 60 ደቂቃ ቁጭ ብለህ ነው። የበዓል ጨዋታው፣ ለልጆች የነገረው ተረት፣ ከጓደኞቹ ጋር የተከራከረው። ካሴቶቹ በኋላ ውሃ ገባባቸው፣ እኔም «ኮምፒውተሩ ላይ አለ» ብዬ ጣልኳቸው። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ሲገባበት ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ማታ ስመለስ ልጁ ፊቱ በርቶ «ፎርማት አድርጌልሃለሁ፣ እንደ አዲስ ሆኗል» አለኝ። ስጮህ ደነገጠ። «ዳታ ነበረው እንዴ?»

ስልክ ቁጥሬ ደረሰኙ ላይ ነበር። አንድ ጥሪ! ፎርማት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በላዩ እስካልተጻፈበት ድረስ ብዙውን ማዳን ይቻል ነበር። እሱ ግን ለውለታ ብሎ ዲስኩን እስከ አፉ ፊልም ሞላልኝ፣ በነጻ። የአባቴ ሳቅ ላይ የህንድ ፊልም ተጻፈበት። ክፋት አልነበረውም፤ ቢኖረው ይቀለኝ ነበር። የጥገና ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ እለምናችኋለሁ፦ ከፎርማት በፊት ጠይቁ፣ ሰውዬው «ምንም የለም» ቢላችሁም ድጋሚ ጠይቁ። ቅጂ አለመያዜ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አሁንም አንዳንድ ሌሊት ከነዚያ 11 ካሴቶች ውስጥ የቱ ላይ ምን እንዳለ እቆጥራለሁ።

የተረፉት አክስቴ ዘንድ ዋሽንግተን የነበሩት ሌሎች አራት ካሴቶች ናቸው። ያኔ ስልክ ውድ ነበር፤ ደብዳቤ በካሴት ተቀርጾ በመንገደኛ እጅ ነበር የሚላከው። ቁም ሳጥኗ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ አቆይታቸው ዘንድሮ አስገልብጣ ላከችልኝ። አሁን አንዱ ቅጂ ቶሺባዋ ላይ ነው፣ አንዱ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው እሷው ጋ። አርሲንክ የሚባለው ፕሮግራም በየሌሊቱ 8 ሰዓት እየገባ ዲስኩን ከቶሺባዋ ጋር ያመሳስላል።

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ «አሮጌ ላፕቶፕ ማን ይገዛኛል?» የሚል ልጥፍ በየቀኑ አያለሁ። እባካችሁ ለቆራሌው አትስጡት፤ እንደ ቶሺባዋ ድምፅ ማኖሪያ አድርጉት። ወላጅ ያላችሁ በተለይ፤ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱና ቅረጿቸው፣ የበግ ዋጋም ቢሆን ያውሩ።

ይህን ስጽፍ መብራቱ ገና አልመጣም፣ የቶሺባዋ ባትሪ 19 ደቂቃ ይላል። እማዬ ጠራችኝ። ከአባዬ ድምፅ ኋላ ሲኒ ይንኳኳል፣ አንዲት ወጣት ሴት «ቡናው ቀዘቀዘ እኮ» ትላለች። ራሷ ናት። አራት ጊዜ መልሳ ሰማችው። የካሴቱ ቢ ገጽ እየጀመረ ነው፣ ልሂድ።