ለሰው የሚጽፍ ለራሱም ይጻፍ

ሥራ ሁሉ ክቡር ነው፤ ነገር ግን የድካሙን ዋጋ አስከብሮ መቀበልን ካልተማረ በቀር ሠራተኛ ሁሉ ቤቱን ለማሳደር አይችልም። ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነውና፥ ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድሩ ሁሉ ጥቂት ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

እኔ በሐዋሳ ከተማ፥ ባህል አዳራሽ በሚባለው ሰፈር፥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለፈለገኝ ሰው ሁሉ በመጻፍ የምኖር ሰው ነኝ። አስቀድሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በማርቀቅ ዐሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ወርኀዊ ደመወዜን ትቼ በገዛ ብዕሬ ለማደር በተነሣሁ ጊዜ ዘመዶቼ «ቃል ሸጦ የሚያድር ማን አለ?» ብለው አዘኑብኝ። ነገሩ ግን በአገራችን አዲስ አይደለም። የቀድሞው ቁም ጸሐፊ የፍየልና የበግ ቆዳ ፍቆ ብራና አዘጋጅቶ፥ ጥቁርና ቀይ ቀለም በጥብጦ፥ በመቃ ብርዕ መጽሐፍ የሚጽፈው ላዘዘው ሰው ነበረ። በፍርድ ቤት ደጃፍ በትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጦ የባለጉዳዩን አቤቱታ የሚያዘጋጀው ራፖር ጸሐፊም የዚሁ ሙያ ልጅ ነው።

ወደ እኔ የሚመጣው ሥራ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ማመልከቻ፥ አንዱ የሠርግ መጥሪያ፥ አንዱ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ያስጽፋል። ሰው የሞተበትም በሌሊት በሬን አንኳኩቶ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅለት ይለምነኛል። በአዳራሹ በዓል ሲሆን ደግሞ የሚነገረው ንግግርና የሚታደለው መጽሔት ይታዘዛል። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ተቋቁሞ ሐዋሳ ዋና ከተማው ከሆነች ወዲህ፥ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ስለ ሆነ፥ ብዙው ሥራ በሁለት ቋንቋ ይፈለጋል። ስለዚህ ሲዳምኛውን ከሚጽፍ ወዳጄ ጋር ዋጋውን እየተካፈልን እንሠራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማኅበር የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር አስቦ የታሪኩን መጽሔት እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። ዋጋውን ቡና እየጠጣን በቃል ተነጋገርን፤ እጅ ለእጅ ተጨባብጠንም ተለያየን። ሦስት ወር ሙሉ ሽማግሌዎችን እየጠየቅሁ፥ ያረጁ ቃለ ጉባኤዎችን እየገለጥሁ ጻፍሁ። በበዓሉ ቀን በአዳራሹ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሳለሁ፥ አንድ የማላውቀው ሰው ወደ መድረክ ወጥቶ መቅድሙን ማንበብ ጀመረ። የራሴን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። በመጽሔቱ ላይ ስሜ አልነበረም፤ በኪሴም ገንዘቡ አልነበረም።

ዋጋዬን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ ያነጋገሩኝ የማኅበሩ መሪዎች ተለውጠው ነበረ። አዲሱ ገንዘብ ያዥ በትሕትና ተቀበለኝና መዝገቡን ገልጦ «ጋሼ፥ ደክመው መጻፍዎን አልክድም፤ ነገር ግን በመዝገብ የሌለውን ብከፍል ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። ተቆጥቼ ወጣሁ። ሌሊት ሳስበው ግን በእርሱ ስፍራ ብሆን እኔም እንዲሁ ሳልል አልቀርም ነበር።

በዚያ ወር የቤት ኪራይ፥ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የሳምንቱ ዕቁብ በአንድነት ደረሱብን። ዕቁብ ደግሞ የጸሐፊ ገንዘብ እስኪመጣ አይጠብቅም። በዚያው ሳምንት አንድ ወጣት ተማሪ ገንዘቡን በፖስታ አሽጎ መጣና የመመረቂያ ጽሑፉን እንድጽፍለት፥ እርሱም በስሙ እንዲያቀርበው ለመነኝ። ገንዘቡ ኪራዩን ከነዕቁቡ የሚሸፍን ነበረ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። ንግግር የሚያስጽፈኝ ሰው የራሱን ሐሳብ በእኔ ቃል ይናገራል፤ ይህ ልጅ ግን ያላወቀውን ዐውቋል ብዬ በሐሰት እንድመሰክርለት ፈለገ። በማለዳ ፖስታውን መለስሁለትና «አንተ ጽፈህ አምጣ፤ የፊደል ግድፈቱን ላርምልህ» አልሁት። ተመልሶ አልመጣም።

ይህን ለባለቤቴ በነገርኋት ጊዜ አልተቈጣችም። የወርቅ ሐብሏን ከሣጥን አውጥታ ከፊቴ አኖረችና «በዚያች ክፍል ተቀምጠህ ስንት የሰው ውል ጽፈሃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቁጥሩን አላውቀውም» አልኋት።

«የራስህስ የት አለ?»

የምመልሰው አጣሁ። ሐብሉ ተሸጠ፤ ዕቁቡም ተከፈለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወረቀት አዘጋጀን። ፊተኛው ውል ነው፤ የሥራው ዓይነትና የገጹ ብዛት፥ የሚያልቅበት ቀን፥ ዋጋው፥ ስሜ የሚጻፍበትም ስፍራ ይዘረዘርበታል። ሥራው ካለቀ በኋላ «ይህችን ብቻ ጨምርልኝ» የሚለው ስለሚበዛ፥ እርማት ከሁለት ጊዜ ካለፈ ዋጋው እንዲጨመር ጻፍሁበት። ብዕሬን የማነሣውም ቀብድ ስቀበል ነው። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ግን ቀብድ አልጠይቅም።

ቀብድ በገበያ ልማድ ብቻ የቆመ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፥ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንዲሁም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጸሐፊ የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት መብት ይሰጠዋል። በትእዛዝ በተጻፈ ሥራ የሚገኘው ጥቅም ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ ላዘዘው ሰው ይሆናልና፥ የሚያስቀረውን መብት አስቀድሞ በውሉ ማስፈር የጸሐፊው ፈንታ ነው። ይህን ሁሉ ሕግ ለባለጉዳይ ስጠቅስ ኖሬ ለራሴ አለመጥቀሴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሁለተኛው ወረቀት መዝገብ ነው፤ እርሱን የምትይዘው ባለቤቴ ናት። ያዘዘው ሰው፥ ቀብዱ፥ ቀሪው፥ የሚከፈልበት ቀን በየመደቡ ይገባል። ገንዘብ ሲመጣ ግብሩ፥ ኪራዩና ዕቁቡ አስቀድሞ ይለያል፤ የምንበላው ከተረፈው ነው። የንግድ ፈቃድና ደረሰኝም አወጣሁ፤ መሥሪያ ቤቶች ያለ ደረሰኝ አይከፍሉምና። አንድ ቀን ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ልንገዛ ወርደን ሳለን፥ አባ ኮዳዎቹ አንጀቱን ለመቀበል ከበው ቆመው ነበር። ባለቤቴ ሻጩ ዋጋውን ተቀብሎ ዓሣውን ሲያስረክብ አይታ «እርሱ ያጠመደውን ሲሰጥ ዋጋውን ይቀበላል፤ አንተ ግን ሦስት ወር ያጠመድኸውን ለጭብጨባ ሰጠህ» ብላ አሳቀችኝ።

በሁለተኛው ዓመት ዕቁብ ሲወጣልን ሌላ ሐብል ልገዛላት አሰብሁ። እርስዋ ግን አስቀድማ መዝገቡን ገለጠችና ቀሪ ያለባቸውን ሦስት ሰዎች አሳየችኝ። ሐብሉ የተገዛው እነርሱ ከከፈሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ በብዕራችሁ ለማደር የምታስቡ ጎልማሶች ሆይ፤ ቋንቋን ስትማሩ ሒሳብንም ከእርሱ ጋር ተማሩ፤ ወዳጅም ቢሆን ውል ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ውል ወዳጅነትን ይጠብቃል እንጂ አያፈርስምና። መሥሪያ ቤትና ማኅበር የምትመሩ ታላላቆችም፥ ጽሑፍ ስታዝዙ ትእዛዛችሁን በመዝገብ አኑሩት። እናንተ ከወንበሩ ብትነሡ፥ የሚተካችሁ ሰው ቃላችሁን የሚያገኘው በዚያ ነውና። አባቶቻችን «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፥ በቃል ያለ ይረሳል» ያሉት ለጸሐፊው ለራሱም ነው።