ዱላው በየትኛው እጅ ነው?

እማዬን ጉልበቷን ባመማት ሰሞን ቤታችን የቅዳሜ ገበያ መሰለ። ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ ወይ መድኃኒት ይዞ ይመጣል፣ ወይ መድኃኒት ነግሯት ይሄዳል። አንዷ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ አመጣች። ሌላዋ ፌጦ በሎሚ ለውሳ። አክስቴ ከገጠር ለጋ ቅቤ ላከች። የንስሐ አባቷ "ጸበሉ እያለልሽ ምን ያስጨንቅሻል" አሏት። ባጃጅ የሚነዳው የጎረቤት ልጅ ሳይቀር ሐሳብ ነበረው፤ እርድ በትኩስ ወተት። በመድኃኒቱ ሁሉም ተለያየ። በበሽታው ስም ግን የተጠራጠረ አንድ ሰው አልነበረም። ቁርጥማት ነው፤ የሐይቁ ብርድ ነው።

ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ሐይቁን መክሰስ ቀላል ነው። ዓሣ ያጣ ሐይቁን፣ የሳለው ሐይቁን፣ ጉልበቱን ያመመው ሐይቁን። ባሕር ዳር እኮ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ቀትር ላይ የዘንባባ ጥላ የምታስናፍቅ ከተማ ናት። ብርድ ብርድ ቢል ታኅሣሥና ጥር ነው፣ እሱም ጠዋት ጠዋት። ደመና ሲያረግዝ ጉልበቴ ቀድሞ ያውቃል የሚሉ ሕመምተኞች በዓለም ሁሉ አሉ፤ ጥናቶቹ ግን አንዱ አዎ ሲል ሌላው የለም ይላል። ብርድ የታመመን መገጣጠሚያ ያስጨንቀው እንደሆነ እንጂ የጉልበትን ልምአጥንት አይበላም።

ወደ ሽንኩርቱ ልመለስ። ማታ በአሮጌ ነጠላ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። እማዬ ሌሊቱን "እየሠራ ነው፣ ያቃጥለኛል" እያለች አደረች። ጠዋት ስንፈታው ጉልበቷ ላይ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ቀልቶ፣ መሐል ለመሐል ውሃ ቋጥሯል። እሳት የነካው ነበር የሚመስለው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር በእርግጥም ያቃጥላል፤ ፌጦም ሰናፍጭም እንዲሁ። ከዚህ የሚብሰው ጤና አዳም ነው። ጭማቂውን ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ቆዳው ተቃጥሎ ለወራት የሚጠቁር ጠባሳ ይተርፈዋል፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ነው ጉዱ። ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት አንዲት ዘለላ ሌላ ነገር ናት፤ ነፍሰ ጡር ግን ጤና አዳምን ለመድኃኒት ብላ ከመጠጣት ትራቅ።

የባሕል መድኃኒትን ለማጥላላት አይደለም ይህን የምጽፈው። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር በቅባት መልክ ተዘጋጅቶ ለጉልበት ሕመም በሐኪም ይታዘዛል። (ይህን አንብቦ ሚጥሚጣ በቅቤ የሚለውስ እንዳይኖር፤ አደራ።) እርድና ዝንጅብልም መጠነኛ ማስታገሻነት እንዳላቸው ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ወጥ ውስጥ፣ ሻይ ውስጥ ማን ከለከለ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በማንኪያ እየሰፈረ መዋጥ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

እኔን ያናደደኝ መድኃኒቱ አይደለም፤ ስሙ ነው። ቁርጥማት የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። ጆንያ ነው፤ የማይገናኙ በሽታዎች አንድ ላይ የታጨቁበት።

የእማዬ ዓይነቱ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። በሁለት አጥንት መካከል እንደ ፍራሽ የተነጠፈው ልምአጥንት እየሳሳ የሚሄድበት ነው። ሲነሱ ያማል፣ ደረጃ ሲወርዱ ያማል፣ ሲያርፉ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 528 ሚሊዮን ያህል ሰው ከዚህ ጋር ይኖር ነበር፤ ከመቶ 60ው ሴቶች ናቸው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ሌላ ነው። እሱ የሰውነት መከላከያ ኃይል በራሱ መገጣጠሚያ ላይ ሲነሳ የሚመጣ ሲሆን ወጣት ሴቶችንም ይይዛል። የሁለቱም እጅ ጣቶች ያብጣሉ፤ ጠዋት ሲነሱ ከአንድ ሰዓት በላይ እጅ አልታዘዝ ይላል። ይህ ጊዜ አይሰጥም፤ ቶሎ በመድኃኒት ካልተያዘ ጣትን አጣሞ ያስቀራል። ጥሬ ወተት ከሚጠጣበት ቤት ደግሞ ብሩሴሎሲስ አለ፤ ከከብት የሚተላለፍ፣ በላብና በትኩሳት ታጅቦ ወገብና መገጣጠሚያ የሚቆረጥም። ያንን ቅቤም ጸሐይም አያድነውም፤ በአንቲባዮቲክ ነው የሚድን።

ከሁሉ የምፈራው የልጆቹን ነው። ጉሮሮውን ታሞ የነበረ ልጅ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይዞት ዛሬ ጉልበቱ፣ ነገ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከነገ ወዲያ ክርኑ ካበጠ ያ ቁርጥማት ተብሎ በቅቤ የሚታሽ አይደለም። ሩማቲክ ፊቨር ሊሆን ይችላል። እብጠቱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ ቤተሰብም ቅቤው አዳነው ይላል፤ በሽታው ግን ወደ ልብ በር ሄዶ ሊሆን ይችላል። በየወሩ የሚወጋ ፔኒሲሊን የልጁን ልብ ያተርፋል። በአገራችን የልብ ሕክምና ክፍሎች በር ላይ ወረፋ ከሚጠብቁት ወጣቶች ስንቶቹ ናቸው በልጅነታቸው "ቁርጥማት ነበረብኝ" የሚሉት?

ስለ ሪህ ደግሞ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። የእግሩ አውራ ጣት ድንገት ሌሊት የነደደበት ሰው ሪህ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያው ውስጥ እንደ መርፌ ሲጋገር ነው። ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ግን ሪህ የለበትም። ሪህ ነው ብሎ ተነስቶ ምስርና ሽሮ የሚተው ሰው ስንት ነው! እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለሪህ የሚያጋልጠው ሥጋና የባሕር ምግብ መሆኑን፣ ጥራጥሬና አትክልት ግን እንዳልሆነ አሳይቷል። ቢራም ተከስሷል። እኛ ግን ቁርጡንና ድራፍቱን ትተን ሽሮዋን እንከሳለን።

እንግዲህ ወደ ዋንዛዬ።

ሽንኩርቱ ያቃጠላት ቁስል እንደደረቀ እማዬ "ዋንዛዬ ውሰዱኝ" አለች። ዋንዛዬ በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ ያለ ፍል ውሃ ነው፤ ከባሕር ዳርም ከጎንደርም ሰው ይሄድበታል። ሙቅ ውሃ ፍለጋ በአገራችን ከድሮ የመጣ ነው፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ቁልቁል የሳባቸው ፍል ውሃው ነበር። እማዬ ሰባት ቀን ካልሞላሁ አልመለስም አለች። ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ገባች። ሴቶቹ ውሃው ውስጥ ተቀምጠው "አንቺ ስንተኛ ቀንሽ ነው?" እየተባባሉ ይጨዋወታሉ፤ አንዷ ስለ ምራቷ፣ አንዷ ስለ ዘይት ዋጋ። በአምስተኛው ቀን እማዬ ዱላዋን ሳትይዝ ከውሃው ወጣች። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ባሕር ዳር ገባን። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ተመለሰ።

ነገሩ ከነከነኝ። ሙቅ ውሃ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል፣ ሕመምን ያደክማል። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ደግሞ ጉልበቱ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ሌላ ያልቆጠርነው ነገር ግን ነበር። እማዬ እነዚያን ሰባት ቀናት እንጀራ አልጋገረችም። ባልዲ አላነሳችም። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ በምትል በርጩማ ላይ ጉልበቷን ጥርቅም አድርጋ አጥፋ ሁለት ሰዓት አልተቀመጠችም። ወደ ቤት ስንመልሳት የመለስናት ወደዚያችው በርጩማ ነው። ከውሃው እኩል ያሳረፋት ከምጣድ መራቋ ነበር ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ነው ወደ ሆስፒታል የወሰድናት፤ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብንን መጨረሻ ላይ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ራጁን ከማየቱ በፊት ከወንበር ተነስታ እንድትራመድ ጠየቃት። እማዬ የአባቴን ዱላ ይዛ ተነሳች። ሦስት እርምጃ ሳትሄድ "እናቴ፣ የሚያምዎት የቱ ጉልበት ነው?" አላት። ቀኙ። "ዱላውስ?" ቀኝ እጅ ላይ። "ወደ ግራ ያዙሩት" አላት።

ሁላችንም ተያየን። የታመመውን ጎን መደገፍ ነው የሚመስለው፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ሲራመድ እጁና እግሩ ተሻግረው ነው የሚሄዱት፤ ቀኝ እግር ሲነሳ ግራ እጅ ይወጣል። ዱላው በጤነኛው ጎን ሲሆን ከታመመው እግር ጋር እኩል መሬት ይነካና ሸክሙን ይጋራዋል። በታመመው ጎን ሲሆን ግን ሰውነት ወደዚያው ያዘነብልና ጉልበቱን ይብስ ይጫነዋል። ስንት ዓመት ማሕሌት ቆመን በመቋሚያ ተደግፈናል፤ ይህን የነገረን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ ለወሬ አይበቃም። ምጣዱን በብሎኬት ከፍ አድርገን እማዬ ቆማ ወይም ረዘም ባለ ወንበር ላይ ሆና እንድትጋግር አደረግን። "ቆሞ መጋገር የሆቴል ነው" ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈች። ሐኪሙ የጭኗ ጡንቻ እንዲጠነክር ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ እንድታነሳ አዟት ነበር፤ ቁጥሩን ትረሳዋለች። በመጨረሻ መቁጠሪያዋን ይዛ በየአንዱ እግር 12 ጊዜ "እግዚኦ" እያለች ማንሳት ጀመረች። እኔ መጀመሪያ ሳቅኩ። እሷ ግን "ጸሎቱም አልቀረ፣ እግሩም አልቀረ" አለችኝ።

ኪሎም ቀነሰች፤ ብዙ አይደለም። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ ከሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀንስለታል። ጾም ያልተጠበቀ ወዳጅ ሆነላት። እ.ኤ.አ. በ1991 ኖርዌይ ውስጥ የሩማቶይድ ሕመምተኞችን መጀመሪያ አስጹመው፣ ቀጥለው ዓመት ሙሉ አትክልት በማብላት መሻሻል ያዩበት ታዋቂ ጥናት አለ። የእማዬ በሽታ ሌላ ስለሆነ ያን ለእሷ አልጠቅስላትም። ሁዳዴን 55 ቀን በአግባቡ የጾመ ሰው ግን ኪሎ ይቀንሳል፤ ማታ በዘይት የረሰረሰ ፓስታና ሳምቡሳ ካልደረደረ በቀር። ለስቅለትም ቢሆን ሐኪሙ ስግደቱን በተመለከተ ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትመክር ነገራት፤ አባም "የታመመ በልቡ ይሰግዳል" ብለው አሰናበቷት።

ጠዋት ጠዋት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀምረን በሐይቁ ዳር ሃያ ደቂቃ እንሄዳለን። ባሕር ዳር ለጉልበት የተሠራች ከተማ ናት፤ ሜዳ ናት። ብስክሌት ለቀለለው ደግሞ ብስክሌት ከሩጫ ይሻላል፣ መገጣጠሚያን ሳይደበድብ ያሠራል። ሐኪሞች ዋናንም ይመክራሉ፤ እዚህ ግን ጣና ውስጥ ብልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ፤ ዋናው ይቅርብን።

አንድ ነገር ሳልል ብቀር ይቆጨኛል። ሕመሙ ሲበረታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ ገዝቶ ለወራት መዋጥ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል። "ከዕፅ የተቀመመ ነው" ተብሎ በብልቃጥ የሚሸጥና በሁለት ቀን ጉልበትን አሽሮ የሚያስሮጥ ዱቄትም ያጠራጥረኛል። በብዙ አገር እንዲህ ያለው ሲመረመር ስቴሮይድ የተቀላቀለበት እየሆነ ተገኝቷል፤ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል። ቅጠል በሁለት ቀን ተአምር አይሠራም።

እማዬ አልዳነችም። የሳሳ ልምአጥንት ተመልሶ አይበቅልም፤ ዝናብ ሊጥል ሲልም አሁንም ሐይቁን ትከሳለች። ግን በእግሯ ገበያ ትወርዳለች፣ ቅዳሴ ቆማ ታስቀድሳለች። ለጥቅምት ዋንዛዬ ልትሄድ ስንቅ እያዘጋጀች ነው፤ እኔም አልከለከልኳትም። ሰባት ቀን ከምጣድ ማረፍ ይገባታል።

ጉልበቷን የሚያማት እናት ያለቻችሁ፣ ነገ ስትነሳ ዱላዋን በየትኛው እጇ እንደያዘች እዩልኝ።