የመስቀል ክብራ ከተማ ልጆች

ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የላስታ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ አሸንድዬ የተባለውን ሣር አስረው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ግጥም የምታወጣውም፣ ከበሮ የምትመታውም፣ ጭፈራውን የምትመራውም ሴት ናት። በእነዚያ ቀናት «አንቺ ዝም በይ» የሚላት የለም። እኔን የሚቆጨኝ ከበዓሉ በኋላ ያለው ነው።

በከተማችን በላሊበላ ወንዶቹ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ እንግዳ ተከትለው ሲዞሩ እንግሊዝኛ ይለምዳሉ፤ አድገውም አስጎብኚ ይሆናሉ። ልጃገረዷ ግን ጄሪካኗን አዝላ ምንጭ ትወርዳለች። ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ ታናናሾቿና ምድጃው ይጠብቋታል፤ ደብተሯን የምትገልጠው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። ከዚያ «ሴት ለአስጎብኚነት አትሆንም» ይባላል። መቼ ዕድሉን አገኘችና?

ከከተማችን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱን፣ ቤተ አባ ሊባኖስን ያየ ሰው ያውቃል፤ ጎንና ጎኑ ከአለቱ ተለይቶ ጣሪያው ብቻ ከላይኛው ቋጥኝ ጋር እንደተያያዘ ነው። በትውፊታችን ያሠራችው የቅዱስ ላሊበላ ባለቤት መስቀል ክብራ ናት፤ ለባሏ መታሰቢያ፣ መላእክት እያገዟት፣ በአንድ ሌሊት። ይህን ለእንግዳ የምትተርክ ሴት ግን ብዙ አላይም።

«ባህላችን አይፈቅድም» ለሚሉ፣ እዚሁ አማራ ክልል፣ ደቡብ ጎንደር አውራ አምባ አለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት በዚህ ማኅበረሰብ ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል።

ስለዚህ አባቶች፣ ነገ ውሃ እንዲቀዳ ወንዱን ልጅ ላኩት። አንቺም እህቴ፣ ጓደኞችሽን ሰብስበሽ ቤተ አባ ሊባኖስ ውረጂና የመስቀል ክብራን ታሪክ ጮክ ብለሽ ተርኪላቸው፤ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም።