በምን ይለዩናል?



ታክሲ ውስጥ ስንቀመጥ የማትለቀን አንዲት ልማድ አለች። ሰው እንለያለን። ከሜክሲኮ ተነስተን ሳሪስ እስክንደርስ፣ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ፣ ዓይናችን ከወንበር ወንበር ይዞራል። አንገታቸው ላይ ማዕተብ ያሰሩት፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉት እናት ከቅዳሴ እየተመለሱ ነው እንላለን። ጥቁር ጅልባብ የለበሰችው ወጣት ሙስሊም ናት። ከኋላ ጥግ ይዛ የተቀመጠችው ደግሞ ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የወረደ፣ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ፣ ከንፈሯ ላይ ቀለም፣ አንገቷ ላይ ማዕተብ የሌለባት፣ ጸጉሯን በሻሽ ሸብ ያደረገች ናት። ያን ጊዜ አብሮን የሚጓዘውን ወንድም በክርን ነካ እናደርግና «የእኛ ናት» እንላለን።

አንድ ቀን እንዲህ «ለይተናት» ስንወርድ ዘወር ብለን «ጌታ ይባርክሽ፣ እኅታችን» አልናት። ፈገግ ብላ በትሕትና አንገቷን ሰበር አደረገችና «አሜን አባቴ፣ እመብርሃን ትጠብቅዎ» ብላ መለሰችልን። አብሮን የነበረው ወንድም ቤት እስክንደርስ ድረስ ሳቁን ማቆም አልቻለም። እኛም ሳቅን። ምርቃቷን ግን በደስታ ተቀብለናል፤ ከልቧ ነበርና።

ይህች ልማድ ከየት እንደመጣች ስናስብ ግን ሳቁ ይቀራል።

እኛ ጌታን ያገኘነው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ገና በወጣትነታችን ነው። ያን ጊዜ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደጅ ታሽጎ ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ተዘግታ ንብረቷ ተወርሷል፤ መሪዎቿም ታስረዋል። አምልኮ በየቤቱ ነበር። አምስት ወይም ስድስት ሆነን፣ አንድ በአንድ እየተንጠባጠብን እንገባለን። ጫማችንን ደጅ ላይ አንተውም፣ ይዘን እንገባለን። መዝሙር በሹክሹክታ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ሽንኩርት በያዘ ዘንቢል ውስጥ ይጓዛል። መንገድ ላይ «አማኝ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። መልሱም ጥያቄውም ያስጠይቃል።

ስለዚህ በዓይን እንፈላለግ ነበር። ማዕተብ የሌለበት አንገት፣ ረጅም ቀሚስ፣ ያልተቀባ ፊት፣ ወንዱም ከሆነ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሸሚዝ። በማናውቀው ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ስናይ ልባችን ይሞቅ ነበር። ስሙን ሳናውቅ፣ ቃል ሳንለዋወጥ፣ «ብቻችንን አይደለንም» ብለን እንሄድ ነበር። ችግሩ ያንኑ ምልክት ካድሬውም ማንበቡ ነው። እኅታችንን ለእኛ የገለጠልን ቀሚስ ለእነርሱም ይገልጣታል። በትምህርት ቤት «ጴንጤ» ተብላ የምትጠራው፣ በቀበሌ ስብሰባ ተነሺ የምትባለው እርሷ ናት። ጴጥሮስን በዚያች ሌሊት እሳት ዳር አነጋገሩ እንደ ገለጠው (ማቴ. 26፥73)፣ እነዚያን እኅቶች ልብሳቸው ይገልጣቸው ነበር። ብዙዎቹ ግን እንደ ጴጥሮስ አልካዱም። በማግስቱም ያንኑ ቀሚስ ለብሰው ወጡ።

ይህን የምንጽፈው ወጣቶቻችን እንዲያውቁልን ነው። ስለ አለባበስ ሲነሣ ድምፃቸው የሚጠነክር አረጋውያን እናቶች በየጉባኤያችን አሉ። አትናቋቸው። ለእነርሱ ያ ቀሚስ ፋሽን አልነበረም፤ ዋጋ የከፈሉበት ምስክርነት ነበር።

በ1983 ዘመኑ ተለወጠ። ደጆች ተከፈቱ፤ አዳራሹ አልበቃ ብሎ ድንኳን ተተከለ። መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ሆነ። ረጅሙ ቀሚስም አብሮን ወደ አደባባይ ወጣ። አሁን ግን ማንም ስለ እርሱ አያስርም፤ ማንም ከሥራ አያባርርም። እንዲያውም በጉባኤ መካከል ያስመሰግናል፤ መዘምራን ውስጥ ያስገባል፤ ለትዳር ያሳጫል። ዋጋ የሚያስከፍለው ነገር ዋጋ የሚያስገኝ ሲሆን ልብ ቀስ ብሎ ይታመማል። እኛ ሕመሙን አላየነውም። በስደት ዘመን መታወቂያችን የነበረው በሰላም ዘመን መመዘኛ ሆነ።

አሁን የምንናገረውን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብናል።

በምናገለግልበት አንድ ጉባኤ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ አምልኮው ከተጀመረ በኋላ አንዲት ወጣት ገባች። የተጨማደደ ሱሪና ክንዷን የማይሸፍን ቲሸርት ለብሳለች፤ ጸጉሯ አልተበጠረም። መካከለኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። መድረክ ላይ የነበርነው አገልጋዮች እርስ በርስ ተያየን። ከእኛ አንዱም የፊቷን መሸፈን አላየም። ያየነው የክንዷን አለመሸፈን ነው። አስተናባሪዋን በዓይን ጠራናት፤ ነጠላ ወስዳ እንድትሰጣት ነገርናት። አስተናባሪዋም ታዛዥ ናትና በሰው ፊት ወስዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ልጅቱ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ነጠላውን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። እኛም ስብከታችንን ቀጠልን። ርእሱን ዛሬም እናስታውሰዋለን፤ ስለ እግዚአብሔር ቤት ክብር ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ለቅሶ ልንደርስ በሄድንበት ቤት አንዲት እናት አጠገባችን ተቀመጡ። ማን መሆናችንን ሲያውቁ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ አንድ ቀን እናንተ ጋ መጥታ ነበር» አሉን። ያን ሌሊት ልጅቱ ሆስፒታል ወለል ላይ አድራ ወንድሟን ስታስታምም ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ነግረዋታል። ከቤተሰቡ አማኝ ማንም የለም። ጎረቤት የሆነች አንዲት ሴት «የጨነቀሽ ቀን ወደዚያ ሂጂ፣ ይጸልዩልሻል» ብላት ስለ ነበር፣ በለበሰችው ልብስ በቀጥታ ወደ እኛ መጣች። ወንድሟ በዚያው ሳምንት ዐረፈ።

እናቲቱ ሊወቅሱን አልተናገሩትም፤ እንደ ተራ ወሬ ነው ያነሡት። ያ ነው የከበደን።

ይቅርታ ልንጠይቃት ቤቷ ድረስ ሄድን። በአክብሮት ተቀበለችን፤ ቡና አፈላችልን። ስላደረግነው ነገር እየተንተባተብን ስንናገር እስከ መጨረሻው ሰማችን። ከዚያ በዝግታ እንዲህ አለች፦ «ነጠላው አልከፋኝም። ብርድም ነበር። ግን ከመካከላችሁ አንድ ሰው ‹ምን ሆነሽ ነው?› አላለኝም።»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። ዛሬም የለንም። ወደ ጉባኤያችንም አልተመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ የእግዚአብሔርን ቃል ስናነብ ስለ ልብስ የሚናገረው ሁሉ ይታየን ጀመር። ይሁዳ ትዕማርን በመንገድ ዳር ሲያያት ጋለሞታ ናት ብሎ ያሰበው ፊቷን ተሸፍና ስለ ነበር ነው (ዘፍ. 38፥15)። መሸፈኗ አሳሳተው! ኢያሱና ሽማግሌዎቹም የገባዖንን ሰዎች አሮጌ ልብስና የተጠገነ ጫማ አይተው ቃል ኪዳን ገቡላቸው፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም (ኢያ. 9)። እንደ ሳሙኤል ያለ ነቢይ እንኳ በኤልያብ ቁመት ሊሳሳት ምንም አልቀረውም (1ኛ ሳሙ. 16)። ዓይናችን የሚያነበው ጥቂት ነው፤ የሚፈርደው ግን ብዙ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የያዘን የልብስ ዘርፍ ነገር ነው። በዘኍልቍ 15 እግዚአብሔር እስራኤላውያን በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ አዘዘ። ምክንያቱንም እዚያው ነግሯቸዋል። ለባሹ ራሱ አይቶት ትእዛዙን እንዲያስብ ነው። ዘርፉ የተሰጠው ለባሹን ለማስታወስ እንጂ ሌላውን ለመለካት አልነበረም። በጌታችን ዘመን ግን ሰዎች እንዲያዩላቸው ዘርፋቸውን የሚያስረዝሙ ሃይማኖተኞች ተነሥተው ነበር (ማቴ. 23፥5)። ጌታ ገሠጻቸው። እርሱ ራሱ ደግሞ ጫፍ ያለውን ልብስ ለብሶ ይመላለስ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች፣ እንደ ሕጉ ሰው ልትነካ የማይገባት ሴት ከኋላው መጥታ የዳሰሰችው ያንን ጫፍ ነው (ማቴ. 9፥20)። በጌታ ልብስ ጫፍ አንዲት የተጨነቀች ሴት ተፈወሰች። በእኛ ነጠላ ጫፍ አንዲት የተጨነቀች ሴት ወጥታ ሄደች።

«እንግዲያው ሰው እንደ ፈለገው ይልበስ ማለታችሁ ነው ወይ?» የምትሉን ትኖራላችሁ። አይደለም። ልከኛ አለባበስ የቃሉ ትምህርት ነው፤ እናስተምረዋለን፤ ለገዛ ልጆቻችንም እንነግራቸዋለን። ግን ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለዚሁ ጉዳይ ሲጽፍ ምን ምን እንደ ጠቀሰ ልብ በሉ፤ የጸጉር ሹሩባ፣ ወርቅ፣ ዕንቍ፣ ዋጋው እጅግ የከበረ ልብስ (1ኛ ጢሞ. 2፥9)። ሐሳቡ በርዝመት ብቻ ሳይሆን በዋጋም ላይ ነው። እኛ የልጅቱን ክንድ ባየን በዚያ እሑድ፣ ፊት ረድፍ ላይ የአንዲት ድኃ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የሚሸፍን ልብስና ወርቅ ያደረጉ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ቀሚሳቸው ረጅም ነው። ማንም ነጠላ አላለበሳቸውም። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የገሠጸው ይህንን አይደለምን?

ሌላም አለ። ስለ ልከኝነት ስንሰብክ ሁልጊዜ ሴቶችን እናያለን። ጌታ ግን በተራራው ስብከት ስለ ምኞት ሲናገር ጣቱን የቀሰረው ወደሚያየው ዓይን ነው (ማቴ. 5፥28–29)። ወንድሞች ሆይ፣ የእኛ ዓይን ልከኛ ልብስ ለብሷል ወይ?

በልብሳቸው ከሩቅ ስለሚለዩ ሌሎች አማኞችም እንንገራችሁ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መነሻ የሆኑት ሜኖናይት ሚሲዮናውያን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፍተው ሲያገለግሉ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ላይ በሚያደርጉት ስስ ነጭ ቆብ ይታወቁ ነበር። የእነርሱ የሩቅ ዘመዶች አሚሽ ይባላሉ። በ1693 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ከተነሣ መለያየት የወጡ ናቸው። ዛሬ በአሜሪካ በፔንስልቬንያና በሌሎች ግዛቶች ይኖራሉ። ሴቶቹ ጥለት የሌለው ረጅም ቀሚስና ቆብ ያደርጋሉ፤ ያገቡት ወንዶች ጢማቸውን አሳድገው የላይኛውን ከንፈር ይላጫሉ፤ በፈረስ ጋሪ ይሄዳሉ። ጎብኚ እነርሱን ለማየት ብቻ ከሩቅ ይመጣል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር አንድ የታጠቀ ሰው በፔንስልቬንያ ላንካስተር አካባቢ ወደሚገኝ የአሚሽ ትምህርት ቤት ገብቶ ሴት ልጆችን በጥይት መታ፤ አምስቱ ሞቱ። ራሱንም ገደለ። አሚሾቹ ገና የልጆቻቸውን እንባ ሳያብሱ ወደ ገዳዩ ቤተሰብ ሄደው አጽናኑአቸው። በቀብሩም ላይ ተገኝተው ከሚስቱ ጋር ቆሙ። ዓለም ለዘመናት እነዚህን ሰዎች በቆባቸውና በጋሪያቸው ያውቃቸው ነበር። በዚያ ሳምንት ግን በሌላ ነገር አወቃቸው።

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ በምን እንደሚለዩ በግልጽ ነግሮናል፤ እርስ በርስ ባላቸው ፍቅር ነው (ዮሐ. 13፥35)። ጳውሎስም ለቆላስይስ ሰዎች ስለሚለበስ ነገር ሲጽፍ ርኅራኄን፣ ቸርነትን፣ ትሕትናን፣ የዋህነትን፣ ትዕግሥትን ልበሱ ይላል (ቆላ. 3፥12)። ይህ ልብስ ለሴትም ለወንድም ልክ ነው። ለድኃም አይወደድም።

ታክሲ ውስጥ ዛሬም ሰው እንለያለን። ልማድ ቶሎ አይለቅም። ግን አንድ ነገር ለመጨመር እየተማርን ነው። ዓይናችን ሲዞር «ይህች የማን ናት?» ብለን አናቆምም፤ «ይህች ምን ሆና ይሆን?» ብለን እንጠይቃለን። ከዚያም ለእናትየዋም፣ ለባለ ጅልባቧም፣ ባለ ሻሿም ለሆነችው፣ ሱሪ ለብሳ በመስኮት ወደ ውጭ ለምታየውም በልባችን እንጸልያለን። በጉባኤያችንም አስተናባሪዎቻችን ደጅ ላይ ለሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚሉትን ቃል ለውጠናል፤ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እንዴት ነሽ?» ይላሉ። መልሱንም ቆመው ይሰማሉ።

ጌታ ሆይ፣ በልብስ ፈርደን ያስወጣናቸውን አንተ ፈልጋቸው። እኛንም ይቅር በለን። የልብስህን ጫፍ ለመንካት የሚመጣውን ሰው መንገድ እንዳንዘጋበት ዓይናችንን አብራ። አሜን።

ጸጋው ይብዛላችሁ።