ባቦጋያ ዳር፣ ላፕቶፕ ይዘው

ጥቅምት ሲገባ ከአዲስ አበባ መውጣት ያምርዎታል። ክረምቱ አልፏል፣ ሰማዩ ጠርቷል። ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን የክፍያ ጣቢያ እንዳለፉ የአድአ ጤፍ ግራና ቀኝ ቢጫ ማለት ጀምሯል። ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ልጆቹ «ደረስን ወይ?» ብለው ሦስተኛ ጊዜ ሳይጠይቁዎት ከተማው ውስጥ ነዎት።

ጥቅምት ግን ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች የዕረፍት ወር አይደለም። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያሳውቁት እስከ ጥቅምት 30 በመሆኑ፣ እኔ ከልጆቹ የዋና ልብስ ጋር ላፕቶፔንም ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ። እርስዎም ጠበቃ ወይም ኦዲተር ወይም መሐንዲስ ከሆኑ፣ ቢሮዎም ከየትም ሆኖ መሥራትን የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሆቴል ከመምረጥዎ በፊት ስለ ሐይቆቹ አንድ ነገር ይወቁ።

ባቦጋያም፣ ሆራም፣ ቢሾፍቱ ሐይቅም የተኙት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ዙሪያቸው ገደል ነው። ያ ገደል ነፋሱን ከልክሎ ውሃውን ያረጋጋል፤ የሞባይል ሞገድንም እንዲሁ ይከልላል። ማማው ከአፋፉ ወዲያ ከሆነ፣ ውሃው ዳር የተቀመጠ ሰው ጥላ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ስለዚህ ፎቶ ላይ አይተው የመረጡት፣ እግርዎን ውሃ የሚያስነካው ያ ወንበር፣ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ የሚደክምበት ቦታ ነው። ደረጃውን ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በስልክዎ ላይ ያሉት መስመሮች ይጨምራሉ። እኔ ልጆቹን ከአባታቸው ጋር ወደ ታች ልኬ አፋፉ ላይ ያለ በረንዳ እይዛለሁ። ሲጮኹ ይሰማኛል፤ ሐይቁም ከላይ ሲታይ ይበልጥ ሰማያዊ ነው።

አምና ግን ሰነፍኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ የአንድ ደንበኛችንን የደመወዝ መዝገብ ወደ ቢሮ መላክ ነበረብኝ። የ140 ሠራተኞች ስም፣ ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። የስልኬ ዳታ ታች ክፍላችን ውስጥ ይንቀራፈፋል፤ እንደገና ደረጃ መውጣት ደከመኝ። ዋይፋይ ስፈልግ የሆቴሉን ስም የያዙ ሁለት ኔትወርኮች መጡ፤ አንዱ ቁልፍ ያለው፣ ሌላው ክፍት። ክፍቱን ነካሁት። ወዲያው የኢሜይል አድራሻዬንና የይለፍ ቃሌን የሚጠይቅ ገጽ ተከፈተ። አድራሻዬን ጽፌ ልቀጥል ስል፣ የቢሮው ቪፒኤን ለምን አልገናኝ እንዳለ ለመጠየቅ ለአይቲው ልጅ ደወልኩ።

«ምንም እንዳትጽፊ!» አለኝ። «ሆቴል የክፍል ቁጥር ቢጠይቅሽ ይገባኛል፤ የኢሜይልሽ የይለፍ ቃል ምን ያደርግለታል?»

እንግዳ መቀበያ ወርጄ ጠየቅሁ። ልጅቷ ስልኬን አየችና «ይሄኛውን እኛ አናውቀውም» አለች። ማን እንደከፈተው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በዚያ ምሽት ያሰብኩት ግን ስለ ራሴ አልነበረም፤ ከእነዚያ 140 ሰዎች አንዳቸውም ደመወዛቸው ባቦጋያ ዳር በፒጃማ በተቀመጠች ሴት ጭን ላይ እንዳለ አያውቁም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም፣ የሰው መረጃ የሚይዝ ተቋም መረጃውን እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። ሠራተኛው ሐይቅ ዳር መሆኑ ግዴታውን አያነሳም።

ስለ ቪፒኤን ካነሳሁ አይቀር፤ ብዙዎቻችን ነገሩን ያወቅነው በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም ተዘግተው በነበሩባቸው ወራት፣ ያገኘነውን ነጻ መተግበሪያ ስንጭን ነው። ያኛው ስልክዎ ላይ እስካሁን ካለ ያጥፉት። በእሱ በኩል ሲያልፉ፣ ሆቴሉ እንዳያይ የሸሸጉትን ግንኙነት ለማያውቁት ባለቤት አሳልፈው እየሰጡ ነው። የቢሮዎ ቪፒኤን ግን ከላፕቶፕዎ እስከ ቢሮዎ የተቆለፈ መተላለፊያ ነው፤ መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ማለፉን እንጂ ምን እንዳለፈ አያይም። አልገናኝ ካለዎት ሥራውን ያቁሙ፤ ያለ እሱ አይላኩ።

አሁን ክፍል ስይዝ የማቀርባቸው ጥያቄዎች እንግዳ ተቀባዮቹን ያስቃሉ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ዋይፋዩ ይቋረጣል? ይህች አንድ ደቂቃ ቀላል ትመስላለች፤ ዋይፋዩ ጠፍቶ እስኪመለስ ግን ግማሽ የደረሰ ፋይል ከዜሮ ይጀምራል። ለራውተሩ ዩፒኤስ ያለው ሆቴል ካገኙ ስልክ ቁጥሩን ይያዙት። የይለፍ ቃሉ ምግብ ዝርዝሩ ላይ ታትሞ ከሆነ ደግሞ፣ ከእርስዎ በፊት ቡና የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው። ያንን ዋይፋይ ለልጆቹ ካርቱን ይተዉት።

ለሥራው የራስዎን ስልክ ሆትስፖት ያድርጉ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም መያዝ ቀላል ሆኗል፤ የኢትዮ ቴሌኮሙ ሲደክም በሌላው ይሞክራሉ። የቪዲዮ ስብሰባ ዳታ ስለሚበላ ጥቅሉን ከመነሳትዎ በፊት ይግዙ። ከባድ ፋይሎችን ጠዋት፣ ሆቴሉ ሳይነቃ ይላኩ። በዚያ ሰዓት ባቦጋያ ላይ ወፎችና ዓሣ አጥማጆች ብቻ ናቸው፤ በረንዳው የእርስዎ ነው።

ከቻሉ ቅዳሜ ከምሳ በፊት ላፕቶፑን ይዝጉና ወደ ታች ውረዱ። እሑድ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይነሱ፤ ከዚያ በኋላ የክፍያ ጣቢያው ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ልጆቹም ይርባቸዋል።