ስለ መኪና ጎማ አመራረጥና ስለ ዓባይ ቍልቍለት

በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ሳያይ፥ ኮቴዋን አንሥቶ ሳይመረምር፥ ጥቂት መንገድም ሳያስኬዳት ገንዘቡን አይቈጥርም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ለመኪናው ጎማ በሚገዛበት ጊዜ ግን ዋጋውን ጠይቆ፥ የጎማውን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ፥ «ጥቍር ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ጭኖት ይሄዳል። የበቅሎ ዕድሜ ከጥርሷ ይታወቃል፤ የጎማ ዕድሜ ግን ከጥርሱ አይታወቅም። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ለሚኖር ባለቤተ ሰብ ይህ ነገር ከገንዘብ ኪሣራ ይልቅ የሚከፋ ጕዳት ስላለበት፥ ስለ እርሱ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ከተማችን ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ግድም ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ደጀን እስኪደርስም ድረስ መንገዱ ደጋ ለደጋ ነው። ከደጀን በኋላ ግን ከ1000 ሜትር በላይ በጥምዝምዝ ወርዶ፥ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በተመረቀው ድልድይ ዓባይን ተሻግሮ፥ እንደ ገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በቍልቍለቱ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት እግሮች ይጫናል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ መውረድን ትቶ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ እንደ ሆነ፥ የፍሬኑ ግለት ወደ ቸርኬው፥ ከቸርኬውም ወደ ጎማው ይተላለፋል። የሸለቆው ቈላ ሙቀት በዚህ ላይ ይጨመራል። መሬቱም የሚንሸራተት ስለ ሆነ አስፋልቱ በየስፍራው ይሰነጠቃል፥ ይጐብጣልም። በደጋው ላይ ዓመት ሙሉ ያለ ነቀፋ ያገለገለ ጎማ የተሰወረ ሕመሙን የሚገልጠው በዚህ ስፍራ ነው።

እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ስንኖር ስለ መኪና አደጋ የቀረቡ አያሌ መዛግብት በእጃችን አልፈዋል። በብዙዎቹ ውስጥ «ጎማው በድንገት ፈነዳብኝ» የሚል የተከሳሽ ቃል ይገኛል። ተናጋሪው ይህን ሲል ነገሩ ከሰው አቅም በላይ እንደ ነበረ ሊያስረዳ ነው። ዳሩ ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 ባለመኪና መኪናው ላደረሰው ጕዳት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኀላፊ ነው ይላል። ስለዚህ የጎማው መፈንዳት ባለቤቱን ከካሣ አያድነውም፤ የሞተውንም ሰው ለቤተ ሰቡ አይመልስም። እኛም ቃሉን በምንገለብጥበት ጊዜ ሁሉ «ያ ጎማ ስንት ዓመቱ ኖሮ ይሆን?» ብለን እናስባለን፤ መዝገቡ ግን ይህን አይጽፍም።

ባለፈው 2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ለቤተ ሰባችን ደብል ጋቢና መኪና አራት ጎማ ልንገዛ ወደ አንድ መደብር ገባን። ነጋዴው ጥርሱ ያላለቀ፥ የሚያብረቀርቅ ጎማ አውጥቶ፥ «ጌታዬ፥ ይህ የዘንድሮ ዕቃ ነው፤ ቍጥሩን ራስዎ ይመልከቱት» አለን። በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ 3117 የሚል ቍጥር ነበረ። «17 ማለት 2017 አይደለም ወይ?» አለ። ሊያታልለን እንዳልፈለገ ከፊቱ ይታወቅ ነበር፤ እርሱም ራሱ እንዲሁ ያምን ነበረ። «ወንድሜ፥ ጎማው የተሠራው በቻይና አገር ነው፤ የቻይና ፋብሪካ ደግሞ መስከረም 1 ቀን ዕንቍጣጣሽ አያከብርም» አልነው።

የአራቱ ቍጥሮች ትርጓሜ ይህ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ዓመቱም የፈረንጆች ነው። የኔታ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩን፥ በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የፈረንጆቹን አቈጣጠር ስንማር፥ ይህ ዕውቀት ለጎማ መግዣ ይሆነናል ብለን ከቶ አላሰብንም ነበር። ሳምንቱ ከ37 በታች የሆነ እንደ ሆነ ከፈረንጆቹ ዓመት 8 ይቀነሳል፤ ከ37 በላይ ቢሆን 7 ይቀነሳል። እንግዲህ 3117 የ2009 ዓ.ም. የሐምሌ ወር ማለቂያ ነው፤ ነጋዴው የዘንድሮ ያለው ጎማ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር ማለት ነው። በእኛና በእነርሱ አቈጣጠር መካከል ያለው ይህ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የማንንም ተንኰል ሳይሻ አሮጌውን አዲስ ያስመስለዋል። ይህ ቍጥር ብዙ ጊዜ በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚታተም፥ ባልታየ ጊዜ ጎማውን ገልብጦ መፈለግ ያስፈልጋል።

ጎማ ሳይሠራበት ተቀምጦም ያረጃል። አየሩና የፀሐዩ ብርሃን ልስላሴውን ያደርቁታል፤ በጎኑ ላይ እንደ ፀጕር የቀጠኑ ስንጥቆች ይወጣሉ። ከመኪና ሠሪዎች አንዳንዶቹ ከስድስት ዓመት በኋላ ይለወጥ ይላሉ። ከጎማ ሠሪዎች ብዙዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፥ ከዐሥር ዓመት በላይ ግን ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አይሠራበት ይላሉ።

ከዕድሜው ቀጥሎ የሚታየው ልኩና የጭነቱ ኀይል ነው። በእኛ መኪና በር ውስጥ የተለጠፈው ጽሑፍ 265/65 አር 17 እና 112 ይላል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፥ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ፥ 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 112 ያለው አንዱ ጎማ 1120 ኪሎ ግራም መሸከም ይችላል ማለት ነው። ከዚህ ያነሰ የጭነት ቍጥር ያለው ጎማ ልኩ ቢስማማም መግዛት አይገባም፤ ምክንያቱም ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚሄድ መኪና ሰባት ሰውና አንድ ኵንታል ጤፍ፥ አንዳንዴም በግ ጭኖ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ጥርሱ ዐይነት በቤታችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። የወንድማችን ልጅ ትልልቅ ጥርስ ያለውን የጭቃ ጎማ ወደደ፤ መኪናውን ጀግና ያስመስለዋልና። እውነት ነው፥ ክረምት በገባ ጊዜ ከአስፋልቱ ወጥቶ በዋልካ አፈር ላይ ለሚሄድ ሰው የአስፋልት ጎማ ከንቱ ነው፤ ጭቃው ጥርሱን ሞልቶት እንደ ተላጨ ራስ ይሆናል። የጭቃው ጎማ ግን በአስፋልት ላይ ይጮኻል፥ ቤንዚንም ያስጨምራል፤ ይልቁንም ዝናም ባረጠበው አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ መሬቱን የሚነካው ክፍል ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ አይቆምም። የቤታችን እመቤት፥ «በዓመት ስንት ቀን በጭቃ እንሄዳለን? ስንት ቀንስ ልጆቹን ይዘን ዓባይን እንወርዳለን?» ብለው በጠየቁ ጊዜ ክርክሩ አለቀ። ለሁለቱም መንገድ የተሠራውን፥ ጥርሱ መካከለኛ የሆነውን መረጥን። ዕለት ዕለት ድንጋያማ ፒስታ ለሚመላለስ ሰው ግን ጎኑ የወፈረውንና ኤል ቲ የሚል ምልክት ያለበትን መግዛት ይሻለዋል።

አራቱን ባንድነት ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ሁለቱን አዲሶች በኋላ እግር ያግባ። ብዙ ሰው አዲሱን በፊት ያደርጋል፤ ነገር ግን በርጥብ መንገድ የኋላው እግር ቀድሞ ሲንሸራተት መኪናው ይዞራል፥ ያን ጊዜም መሪው አይረዳም። ኢሱዙ ያላቸው ደግሞ በኋላ ጥንድ ሆነው የሚገቡትን ጎማዎች እኩል ያድርጓቸው፤ አንዱ ከጓደኛው ከፍ ካለ ጭነቱን ሁሉ እርሱ ብቻ ይሸከማል፥ ይግላል፥ ይፈነዳማል።

ንፋሱ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ በጧት ይለካ። በሸለቆው ውስጥ አየሩ ስለሚከብድ በደብረ ማርቆስ የተሞላ ጎማ በዓባይ ድልድይ ላይ ሁለት ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ቀንሶ መታየት ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ሙቀቱ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በመንገድ ላይ «ጎማው ጋለ» ብሎ ንፋስ የሚያስተነፍስ ሾፌር ደኅና ሥራ የሠራ ይመስለዋል እንጂ፥ ንፋሱ ያነሰው ጎማ ይበልጥ እየተጣጠፈ የባሰውን ይግላል።

የተመረጡትን አራቱን ጎሚስታው ካገባልን በኋላ፥ ስኮርቱን ከመኪናው ሥር አስወረድነው። ይህ አምስተኛው ጎማ ጭቃ ለብሶ ተሰቅሎ ስለሚኖር ዕድሜውን የሚጠይቅለት የለም። በጨርቅ ጠርገን በባትሪ ብርሃን ብናነበው 4222 ይላል፤ የ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ንፋስ አስሞልተን መልሰን አሰቀልነው።